ለጅማ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፦ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ሦስት ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ።

መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ ቁርስ ቤት አለኝ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እከፍታለሁ፤ የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ሻይ ሳይቀምስ አይሳፈርም።

ባለፈው ክረምት አንዲት ሴትዮ ልጅ ይዛ ገባች። ልጅቷ ቢበዛ 11 ዓመቷ ነው። አንድ ፌስታል ይዛለች። ነጠላ ጫማዋ አዲስ ነው፣ የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተነሣለትም። «የወንድሜ ልጅ ናት፣ ላስተምራት ነው የምወስዳት፣ ትዕግሥት ትባላለች» አለች ሴትየዋ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ትንሽ ቆይቼ «ትዕግሥት፣ ሻይ ልድገምሽ?» ስል ልጅቷ ዞር አላለችም። ደግሜ ጠራኋት። ሴትየዋ በክርኗ ስትጎሽማት ነው ቀና ያለችው።

ለማን ልናገር? ቦምቦሊኖዬ ዘይት ላይ ነው፣ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። አውቶቡሱ ወጣ። እውነተኛ አክስቷም ልትሆን ትችላለች። ዝም ማለቴ ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

ሕጉስ አለ፣ በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነን ልጅ ለብዝበዛ መመልመል ወይም ማጓጓዝ በራሱ ወንጀል ነው። ተታለለ፣ ተገደደ ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም። «ፈቅዳ ነው የመጣችው» አያዋጣም። ትኬት ቆራጩ ይህን ያውቃል? ረዳቱስ? እኔም ብሆን ያወቅኩት በቅርቡ ነው።

እና እባካችሁ፣ ግንዛቤ ማስጨበጫ ሲባል አዳራሽና ቲሸርት እንዳይሆን። አዳራሽ የሚጠራው ሰው ድሮም ያውቃል። ማስታወቂያው ትኬት መስኮቱ ላይ ይለጠፍ፤ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ፣ ከዳውሮ ለሚመጡትም በቋንቋቸው። የስልክ ቁጥር ይኑረው፣ ሌሊት የሚነሣ ስልክ! አንድ ሰው ደግሞ ልጅቷን ለብቻዋ፣ በምትሰማው ቋንቋ ይጠይቃት፦ ስምሽ ማነው? ወዴት ነሽ? እናትሽ ታውቃለች? እውነተኛ አክስት በዚህ አትቀየምም። ጊቤን ከተሻገሩ በኋላ ግን ማን ያገኛቸዋል?

ልጅቷ ወረደች እንበል። የት ታድራለች? ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ላይ? ማረፊያና ቤተሰብ የሚያፈላልግ ሰው ከሌለ በሁለተኛው ሳምንት ያው አውቶቡስ ላይ ናት። ክረምት ላይ ጎተራው ባዶ ነው፣ ቡናው ገና አልደረሰም። ደላላው ይህን ከእኔም ከእናንተም በላይ ያውቃል።

ክረምቱ ሳይገባ ሰው መድቡልን። የተመደበው ሰው ቁርስ በእኔ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቁርስ ቤቱ ባለቤት፣ ጅማ