የቤት ስም ሲዛወር የፍሳሽ ጉድጓዱም ይመርመር

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በባሕር ዳር ቤት የሚገዛ ሰው ብዙ ነገር ያጣራል። ካርታውን ያያል፤ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ይጠይቃል፤ ሻጩ የከፈለውን ግብር፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ሒሳብ ሳይቀር ያረጋግጣል። ከግቢው ጥግ በሲሚንቶ ክዳን ሥር ስላለው የፍሳሽ ጉድጓድ ግን ገዥው አይጠይቅም፤ ሻጩ አያነሣም፤ ደላላው ጨርሶ አይጠቅሰውም። እኔም ስም ባዛወርሁ ጊዜ እንዳቀርብ ከታዘዝሁት ሰነድ ሁሉ ጉድጓዱን የሚመለከት አንድም አልነበረም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ይህ ክፍተት መዘጋት አለበት ብዬ ስለማምን ነው።

አሁን የምኖርበትን ቤት የገዛሁት ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ በመጋቢት ወር ነበር። በበጋ ሁሉም ነገር ደኅና ነበር፤ መታጠቢያው ውኃ አይቋጥርም፣ ግቢውም አይሸትም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የሽንት ቤቱ ውኃ አልወርድ አለ፤ በነሐሴ ደግሞ ልጆቼ በሚጫወቱበት ቦታ በክዳኑ ዙሪያ ፍሳሽ ይመነጭ ጀመር። መጣጭ መኪና አስመጥቼ አስመጠጥሁት፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ሞላ። ከመኪናው ጋር የመጣው ሠራተኛ «ይህ የእናንተ ፍሳሽ ብቻ አይደለም፤ መሬቱ ራሱ ውኃ እያስገባ ነው» አለኝ፤ የተናገረውም እውነት ነበር። መሬቱ ሲደርቅ በጥር ወር አስከፍቼ ሳስመረምረው፣ በሽያጩ ጊዜ «ሴፕቲክ ታንክ» የተባለው ነገር ወለሉ ያልተለሰነ፣ ግድግዳው ያለ ሲሚንቶ በድንጋይ የተካበ አንድ ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ። ከአፉ ዝቅ ብሎ ደግሞ አንድ የፕላስቲክ ቱቦ በአጥሩ ሥር አልፎ ወደ መንገዱ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ይወጣል። የቦዩን ውኃ ተከትዬ ብሄድ የሚያደርሰኝ ጣና ዳር ነው። ሻጩ ይህን እያወቀ ሸጠልኝ ወይስ እርሱም እንደ እኔ ሳያውቅ ገዝቶት ነበር? መፍረድ አልችልም። በውሉ ላይ ግን «ቤቱን አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» ብዬ ፈርሜያለሁ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዝዛል፤ ሻጭም ለሸጠው ነገር ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ነገር ግን ገዥው ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን እንዲያስታውቅ ያው ሕግ ይጠይቃል። በበጋ የተገዛ ጉድጓድ ጠባዩን የሚያሳየው በክረምት ነውና ይህ ግዴታ ለገዥው እጅግ ከባድ ነው፤ ፍርድ ቤት ደርሶ ቢረታ እንኳ በመካከሉ የፈሰሰው ፈስሷል።

በደንብ የተሠራ ሴፕቲክ ታንክ ወለሉና ግድግዳው ውኃ የማያስገባና የማያስወጣ፣ ብዙውን ጊዜም በሁለት ክፍል የተከፈለ ነው። ከባዱ ጠጣር ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ በመካከል ያለው ውኃ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ አልፎ በአፈሩ ውስጥ እየተጣራ ይወርዳል። ዝቃጩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ካልተመጠጠ ወደ ማስረጊያው እየገባ አፈሩን ይደፍነዋል። አፈሩ እንዲያጣራ ደግሞ ደረቅ መሆን አለበት፤ የጉድጓድ ሽንት ቤት ወለል ከከርሰ ምድር ውኃ ቢያንስ በ1.5 ሜትር ከፍ እንዲል፣ ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድም 30 ሜትር እንዲርቅ የሚመከረው ለዚህ ነው። የእኛ ከተማ ችግር እዚህ ላይ ይብሳል። ጣና ውኃው ከፍ የሚለው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ሳይሆን በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ በዳርቻው ባሉ ሰፈሮች የከርሰ ምድሩ ውኃ ከሐይቁ ጋር አብሮ ይነሣል። ስለዚህ በሚያዝያ ደረቅ ሆኖ የታየ ማስረጊያ በመስከረም ውኃ ውስጥ ተቀብሮ ሊገኝ ይችላል። ቧንቧ በጠፋ ቁጥር ከግቢያቸው የእጅ ጉድጓድ ውኃ የሚቀዱ ጎረቤቶች ባሉበት ከተማ የታይፎይድና የጃርዲያ ነገር ሊያሳስበን ይገባል።

ቤት ሲሸጥ የፍሳሽ ጉድጓዱን መመርመር በሌላው ዓለም እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት ቤቱ ከመሸጡ በፊት ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ ጉድጓዱ መመርመር አለበት፤ በየዓመቱ መመጠጡን የሚያሳይ ማስረጃ ካለ ምርመራው ለ3 ዓመት ያገለግላል፤ ብቁ ያልሆነ ጉድጓድም በ2 ዓመት ውስጥ መታደስ ይኖርበታል። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ከሕዝብ ፍሳሽ መስመር ያልተገናኘ ቤት የሚሸጥ ሰው ከ3 ዓመት ያልበለጠ የምርመራ ሰነድ ለገዥው ያቀርባል፤ ጉድለት ካለ ገዥው በ1 ዓመት ውስጥ ያስተካክላል። በሁለቱም አገር ጉድጓዱ ጉድለት ተገኘበት ማለት ሽያጩ ይፈርሳል ማለት አይደለም። ሻጭና ገዥ ገንዘብ ከመቀባበላቸው በፊት አውቀውት ይዋዋላሉ፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይስተካከላል።

የከተማው አስተዳደር በመመሪያ እንዲያስገባው የምጠይቀውም ይህንኑ ነው። ስም ለማዛወር ከሚቀርቡት ሰነዶች ጋር የጉድጓዱን ሁኔታ የሚገልጽ አንድ ገጽ ቅጽ ይያያዝ። ጉድጓዱ የት እንዳለ፣ ወለልና ግድግዳው የተለሰነ መሆን አለመሆኑን፣ ዝቃጩ ምን ያህል እንደሆነ፣ መጣጭ መኪና ሊደርስበት ይችል እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትርፉ ውኃ ወዴት እንደሚወጣ ይጻፍበት። ምርመራው የተደረገበት ወርና በግድግዳው ላይ የሚታየው የክረምት ውኃ ምልክትም እንዲመዘገብ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ያለዚያ የበጋ ምርመራ ገዥውን እንደገና ያታልለዋል። ወደ ጎርፍ ቦይ የተለቀቀ ቱቦ ከተገኘ ስም ከመዛወሩ በፊት ይደፈን። የቀረውን እድሳት በተመለከተ የሻጩ አቅም ካልፈቀደ፣ ከሽያጩ ዋጋ ላይ ለእድሳት የሚበቃ ገንዘብ በውሉ ተጠቅሶ እንዲያዝ ማድረግ ይቻላል። ለጋራ መኖሪያ ቤቶች አንድ ምርመራ በማኅበሩ ስም ቢደረግ ይበቃል።

አንድ ተጨማሪ ወረቀት አንድ ተጨማሪ ምልልስ፣ ምናልባትም አንድ ተጨማሪ የጉቦ በር ነው የሚል ወገን እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ስጋቱንም አላናንቀውም። ስለዚህ መርማሪው ጉድጓድ ከሚመጥጠውም ሆነ ከሚያድሰው ሰው የተለየ ይሁን፤ ክፍያው በግልጽ ይለጠፍ፤ ምርመራው በተወሰነ ቀን ውስጥ ካልተደረገ የስም ዝውውሩ እንዲቀጥል መመሪያው ራሱ ይደንግግ።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። አማካይ ጥልቀቱ 10 ሜትር የማይሞላ ሐይቅ ነውና የምንጨምርበትን ሁሉ የሚውጥበት ሆድ የለውም። እምቦጭን ያመጣው የእኛ ፍሳሽ ነው አልልም፤ ከእርሻው በወንዞች የሚገባው ደለልና ማዳበሪያ ብዙ ነው። ነገር ግን አረሙ የሚመገበው ንጥረ ነገር በፍሳሻችንም ውስጥ አለ፤ ከከተማው የሚገባው ደግሞ ከአጥራችን ሥር ስለሚወጣ ልናቆመው የምንችለው እኛው ነን።

እኔ ቱቦውን ደፍኜዋለሁ፤ በሁለት ክፍል የተለሰነ አዲስ ታንክም አሠርቼ ንድፉን ከካርታው ቅጂ ጋር አስቀምጫለሁ። ዝግጅት ክፍላችሁ ደግሞ ይህን ጥያቄ ለከተማው መሬትና ግንባታ ኃላፊዎች እንዲሁም ለውኃና ፍሳሽ አገልግሎቱ አቅርቦ መልሳቸውን ክረምቱ ከመግባቱ በፊት እንዲያስነብበን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ