ለሐኪም ቤት የሚሆን ሕንፃም ይታሰብበት

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ከተማችን ደብረ ማርቆስ፣ ለኪራይ የሚሠሩ ሕንፃዎች በአብዛኛው ለሱቅ ብቻ ታስበው መሠራታቸው እጅግ ያሳስበኛል። ባለፈው ክረምት ድዳቸው ያበጠባቸውን እናቴን ወደ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ስወስዳቸው፣ ክሊኒኩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለነበር፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው በጠባቡ ደረጃ ሦስት ጊዜ ቁጭ እያሉ ወጡ። በሐኪሙ አልፈርድም፤ ያገኘው ቤት ያው ነበር።

የጥርስ ሕክምና ወንበር የንጹሕ ውኃ፣ የፍሳሽና የታመቀ አየር መስመር ስለሚፈልግ፣ ወለሉ ካለቀ በኋላ ሴራሚክ እየሰበሩ ቧንቧ መቅበር ለአከራዩም ለተከራዩም ኪሳራ ነው፤ ራጅ የሚነሳበት ክፍልም ጨረር የማያሳልፍ ግድግዳ ያስፈልገዋል። ሕንፃ ለመጀመር ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ መሠረቱ ሳይወጣ ሐኪም አማክሩ፤ ምድር ላይ አራት ወይም አምስት ክፍሎች፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ በር፣ ውኃ ሲጠፋ የሚያገለግል ሮቶ ቢኖር ለብዙ ሕመምተኛ እፎይታ ነው። ማዘጋጃ ቤቱም ፕላን ሲያጸድቅ ይህን እንዲያይልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ