ለጉምሩክ ቅርንጫፉ ኃላፊ፦ አንድ የስፌት መኪና ነጋዴ አያደርገኝም

ክቡር ኃላፊ፣

ከዱባይ ያመጣሁት የቤት ዕቃ ለንግድ ነው ተብሎ ተይዞብኛል። እንደገና ይታይልኝ ያልኩበት ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገብቷል። ኮፒው ቅሬታ ሰሚው ጋ አለ። ለጸሐፊዎም በእጄ ሰጥቻለሁ። በየሄድኩበት የማገኘው መልስ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ብቻ ስለሆነ እዚህ ጻፍኩት፤ እርስዎ ባያነቡት ሌላ ሰው ያነበዋል።

ዱባይ ሰው ቤት ለዓመታት ሠርቼ ጠቅልዬ ገባሁ። ጠቅልሎ ለሚገባ ሰው የግልና የቤት ዕቃውን ከቀረጥ ነጻ ማስገባት የሚፈቅድ መመሪያ እንዳለ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ ያወቅሁት ቆንስላ ተሰልፌ ነው። ደብዳቤዬን አወጣሁ፣ የዕቃዬን ዝርዝር አንድ በአንድ ጻፍኩ፣ ዴራ ያለ ካርጎ ቤት ሄጄ ከሌሎች ሰዎች ዕቃ ጋር በአንድ ኮንቴይነር አስጫንኩ። አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ልብስ ማጠቢያ፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስቶች፣ ለልጄ ብስክሌት፣ አንድ የልብስ ስፌት መኪና። ከጀበል አሊ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ደረቅ ወደብ። እስከዚያ ድረስ ማንም አላስቸገረኝም፣ ባሕሩ እንኳን።

ፈታሹ ካርቶኑን ከፍቶ ስፌት መኪናዋን ሲያይ "ይሄማ ለንግድ ነው" አለ። በቃ። ከዚያ በኋላ ፍሪጁም ለንግድ ሆነ፣ ብርድ ልብሱም፣ የልጄ ብስክሌትም። መኪናዋ አሮጌ ናት። ፔዳሏ በፕላስተር የታሰረ ነው፣ ጎኗ ላይ የማዳሜ ልጅ የለጠፈችው ስቲከር አለ፣ በዕረፍት ቀኔ የጓደኞቼን ቀሚስ በልካቸው የማስተካክልባት ናት። ይህን ሁሉ ለፈታሹ ነግሬዋለሁ። ቀና ብሎም አላየኝ።

ለንግድ ነው ከተባለ በኋላ ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ ለሌላው አንባቢ ልንገር፣ እርስዎ ይዝለሉት። የዕቃው ዋጋ ላይ የመርከብ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ይደመራል። በዚያ ላይ ቀረጥ ይሰላል። ቀረጡን ጨምሮ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ። እሱንም ደምሮ ሱር ታክስ የሚባል ሌላ 10 በመቶ። ለንግድ ስለተባለ ደግሞ 3 በመቶ ቅድመ ግብር፣ ማለትም ነጋዴ ከሚከፍለው የገቢ ግብር ቀድሞ የሚያዝ። በታክስ ላይ ታክስ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚባዛው በዶላር ምንዛሬ ነው፣ ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ደመወዝተኛ ሁሉ ያውቀዋል።

ዋጋውስ ከየት መጣ? የ2006ቱ የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859 መጀመሪያ የሚያየው ዕቃው በእርግጥ የተገዛበትን ዋጋ ነው። እኔ ፍሪጁን አገር ከሚለቅ ሰው ላይ በአሮጌ ዕቃ ዋጋ ነው የገዛሁት፣ የተፈራረምንበትን ወረቀትም አቅርቤያለሁ። ዋጋ የሚተምነው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ያገኘውን የአዲስ ፍሪጅ ዋጋ ወሰደ። "ወረቀትሽ ማኅተም የለውም" አለኝ። ቤቱን ዘግቶ የሚሄድ ሰው ማኅተም ከየት ያመጣል?

ይህንንም ልዋጠው። የማልውጠው የመጋዘን ኪራዩን ነው። ዕቃዬን የያዛችሁት እናንተ። እንደገና ይታይልኝ ብዬ የጻፍኩት እኔ። መልስ የነፈጋችሁኝ እናንተ። ኪራዩ ግን የሚቆጥረው በእኔ ላይ ነው። እሑድም ይቆጥራል፣ በዓልም ይቆጥራል፣ እርስዎ ሥልጠና የሄዱበት ሳምንትም ቆጥሯል። የጉምሩክ ጉዳዬን የሚያስፈጽምልኝ ትራንዚተር "እህቴ፣ ክፈይና ዕቃሽን አውጪ፣ በኋላ ትከራከሪያለሽ" ይለኛል። ለእኔ አስቦ ነው፣ አይፈረድበትም። ግን ቢሮ በዘገየ ቁጥር የሚከፍለው ሌላ ሰው ከሆነ ቢሮው ለምን ብሎ ይፈጥናል? በሩ ላይ ደግሞ "ጉዳይሽን ዛሬውኑ እናስጨርስልሽ" የሚሉ ልጆች አሉ። የፋይሌን ቁጥር ሳይቀር ያውቁታል። እኔ ባለቤቷ ጠይቄ ያላገኘሁትን እነሱ ከማን አገኙት? ይህን እርስዎ ይመልሱልኝ።

በ2014 ለገና አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ወደ አገር ቤት ይምጣ ሲባል ዱባይ ሆኜ በቴሌቪዥን አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። እኛ አረብ አገር የምንሠራው ዲያስፖራ ውስጥ እንግባ አንግባ ግን እስካሁን አልገባኝም። ብር ስንልክ የአገር አለኝታ ነን፣ ፍራሻችንን ይዘን ስንመጣ ነጋዴ።

ስፌት መኪናዋ ለንግድ ናት ካላችሁ እሺ፣ የእሷን ብቻ ቀረጥ ንገሩኝና ልክፈል። የቀረውን እንደ ቤት ዕቃ ልቀቁልኝ። ማመልከቻዬ ከገባበት ቀን ወዲህ ያለውን ኪራይ ያዘገየው ይቻለው። አይሆንም ከተባለ ደግሞ ለምን እኔ እንደምከፍል በጽሑፍ፣ የእርስዎ ፊርማ ያለበት ወረቀት ይስጡኝ። በቃል የተነገረኝን ይዤ ይግባኝ ማለት አልችልም።