ከሲልቨር ስፕሪንግ ለእህቴ፦ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እማዬ፣ አባዬ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛም እዚህ አሜሪካ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስለ ሥራው እንኳን ደስ ያለሽ ብያለሁ፤ አሁንም እደግመዋለሁ። ይህን በጽሑፍ ያደረግሁት እንድታስቀምጪውና ሲያስፈልግሽ መልሰሽ እንድታዪው ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የአሜሪካ ድርጅት ደንበኞችን ማስተናገድ ጥሩ ሥራ ነው። ግን ኮምፒውተርሽ ላይ የሚጫነው መቆጣጠሪያ ምን እንደሚቆጥር ሳታውቂ ከገባሽበት፣ ከሥራው ይልቅ ቁጥሩ ያደክምሻል።

የትኛውን መተግበሪያ እንደሚጠቀሙ ገና ስላልነገሩሽ፣ የታወቁትን ልንገርሽ። ሃብስታፍ ጊዜውን በአሥር በአሥር ደቂቃ ይከፋፍለዋል። አሥር ደቂቃ 600 ሰከንድ ነው። በእያንዳንዱ ሰከንድ ኪቦርድ ወይም ማውስ መነካቱን ይመዘግብና የተነካበትን ለ600 አካፍሎ በመቶኛ ያወጣል። አሠሪና ሠራተኛን በኢንተርኔት የሚያገናኘው አፕወርክም የሚሠራው በአሥር ደቂቃ ነው፤ በመሃል አንቺ በማታውቂው ሰዓት የስክሪንሽን ፎቶ ያነሳል፣ ኪቦርዱ ስንት ጊዜ እንደተመታና ማውሱ ስንት ጊዜ እንደተጫነ ይቆጥራል። ምን እንደጻፍሽ ግን አይመዘግብም። የሥራ መልእክት መለዋወጫው ማይክሮሶፍት ቲምስ ደግሞ ኮምፒውተሩን አምስት ደቂቃ ካልነካሽው መኖርሽን የሚያሳየውን አረንጓዴ ምልክት ወደ ቢጫ ይለውጠዋል።

አሁን አንድ አሥር ደቂቃ አብረን እንቁጠር። አንድ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ተቆረጠብኝ ብሎ ጽፏል። ሁለት ደቂቃ አነበብሽው። ደወለ፤ አራት ደቂቃ በሄድሴት አዳመጥሽው። ሦስት ደቂቃ የክፍያ ታሪኩን ከላይ እስከ ታች አየሽ፤ በመሃል ማውሱን ያንቀሳቀስሽው ለ30 ሰከንድ ያህል ነው። በመጨረሻዋ ደቂቃ መልሱን ጻፍሽ። አንዲት ሰከንድ አላባከንሽም፤ መዝገቡ ላይ ግን የሚታየው 90 ሰከንድ ነው፣ ማለትም 15 በመቶ። አሥሩን ደቂቃ ሙሉ ፌስቡክ ላይ ወዲያ ወዲህ ያለ ሰው ከአንቺ በብዙ ይበልጣል። መሣሪያው የሚቆጥረው እጅን ነው። በጣም የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ለደንበኛው በጥሞና ጆሮ የሰጠ ሠራተኛ ሰነፍ ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አለቃሽን በጽሑፍ ጠይቂ፦ ስልክ ለሚያነሳ ሰው ስንት በመቶ ይጠበቃል? ለኢሜይልና ለቻትስ? መልሱንም አስቀምጪው፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ። ደንበኛው ሲናገር ዝም ብለሽ አትስሚ፤ ቀኑን፣ የገንዘቡን መጠን፣ የጠየቀውን ነገር እየሰማሽ ተይቢ። ቁጥሩም ይስተካከላል፣ ከስልኩ በኋላ የምትጽፊው ማስታወሻም ያልቃል። መተግበሪያው ምን እየሠራሽ እንደሆነ የምትጽፊበት ቦታ ካለው የቲኬቱን (ለእያንዳንዱ የደንበኛ ጉዳይ የሚከፈተውን መዝገብ) ቁጥር እዚያው አስገቢ። «ቲኬት 4417፣ ድርብ ክፍያ፣ የስልክ ጥሪ» የምትል አንዲት መስመር ስለዚያ 15 በመቶ ታስረዳልሻለች።

ማውሱን በራሱ የሚያንቀሳቅስ ዕቃ አለ ብለው ቢመክሩሽ እንዳትሰሚ። እንቅስቃሴው እኩል በእኩል ስለሚደጋገም ይታወቃል፤ ማውሱ እየሄደ ስክሪኑ ካልተለወጠ ደግሞ ፎቶዎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ዌልስ ፋርጎ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2024 ኪቦርድ እየነኩ የሚሠሩ ያስመሰሉ ከደርዘን በላይ ሠራተኞችን አሰናብቷል። በዚህ የወጣ ሰው የሚከራከርበት ነገር የለውም።

ፎቶው የሚያነሳው የሥራውን መስኮት ብቻ ሳይሆን ስክሪኑን በሙሉ ነው። በራስሽ ላፕቶፕ ከሆነ የምትሠሪው፣ ዊንዶውስ ላይ ለሥራ ብቻ የሚሆን ሌላ አካውንት ክፈቺ። ቴሌግራምና ባንክሽ እዚያ ውስጥ አይግቡ፤ አንድ መልእክት ጥግ ላይ ብቅ ባለች ቅጽበት ፎቶ ሊነሳ ይችላል። አፕወርክ ላይ የማትፈልጊውን ፎቶ መሰረዝ ትችያለሽ፤ ግን የዚያ አሥር ደቂቃ ክፍያ አብሮ ይሄዳል። ካሜራ የሚጠይቁ ከሆነ ደግሞ ወንበርሽን ጀርባሽ ግድግዳ እንዲሆን አድርጊ። እማዬ ቡና ይዛ በገባች ቁጥር ሰው እንዲያያት አልፈልግም።

መብራትና ኔት ላይ ገንዘብ አትሰስቺ። ራውተሩን የሚይዝ ትንሽ የባትሪ ዩፒኤስ ግዢ። ከመግዛትሽ በፊት የራውተሩን ቻርጀር ገልብጠሽ አንብቢ፦ 12 ቮልት ነው ወይስ 9? 9 ቮልቱን 12 ላይ ከሰካሽው ሊቃጠል ይችላል። 8800 ሚሊአምፔር ሰዓት (mAh) የተጻፈበት ባትሪ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 32 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 12 ዋት የሚበላ ራውተርን ሁለት ሰዓት ያህል ይይዛል። የፋይበሩ ሳጥንና ዋይፋዩ ለየብቻ ከሆኑ ሁለቱም ኃይል ይፈልጋሉ፤ ብዙ ሰው አንዱን ይረሳል። የቤቱ መስመር ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ለመጠባበቂያ የሳፋሪኮም ሲም ያዢ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዘዋወሪ ቪፒኤኑ (ከድርጅቱ ሲስተም ጋር የሚያገናኝሽ መስመር) ይቋረጣል፣ በስልክ ላይ ያለው ደንበኛም ይጠፋል፤ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ሞክሪውና ተመልሶ ለመግባት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እወቂ። ኔት ሲሄድ አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ጊዜውን ኮምፒውተሩ ላይ ይዘው ቆይተው በኋላ ይልኩታል፤ ስለዚህ ደንግጠሽ አትዝጊያቸው። ወዲያው ከስልክሽ ለአለቃሽ ጻፊ፦ መብራት የሄደበት ሰዓት፣ የተመለሰበት ሰዓት፣ የተቋረጠው ቲኬት።

ሰዓቱም ያሳስታል። በምሥራቅ አሜሪካ ከጠዋቱ 9 እስከ 5 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 እስከ ሌሊቱ 6 ነው፤ ይህ ግን በበጋቸው ብቻ ነው። በጥቅምት የመጨረሻ ሳምንት አካባቢ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሱና 11 ሰዓት ትገቢያለሽ፤ በመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ ወደ 10 ይመለሳል። ሁለቱ እሑዶች የመግቢያ ሰዓትሽ የሚለወጥባቸው ቀኖች ናቸው፤ ስልክሽ ላይ ምልክት አድርጊባቸው። አፕወርክ ከሆነ ሳምንቱ የሚዘጋው ሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በአዲስ አበባ ነው። በእጅ ጨምረሽ የሞላሽው ሰዓት ደግሞ በመተግበሪያው እንደተቆጠረው ዋስትና የለውም፤ አሠሪው አልከፍልም ካለ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እዚህ በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ እስከ 20 ደቂቃ ያለ እረፍቱ እንደ ሥራ ተቆጥሮ ይከፈለዋል፤ የፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ከቤት ለሚሠሩም እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2023 ጽፎ አውጥቷል። ኒውዮርክ ከ2022 ጀምሮ አሠሪው ሠራተኛውን በኮምፒውተር የሚከታተል ከሆነ ሲቀጥረው በጽሑፍ እንዲያሳውቀው ታስገድዳለች። በ2021 እና በ2022 ሁለት የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች፣ የጥሪ ማዕከል ሠራተኞች ኮምፒውተር ለማስነሳት የሚወስድባቸው ጊዜ ሥራ ነው ብለዋል። ያም ሆኖ ከሞንታና በቀር በሁሉም ግዛት አሠሪው ያለ ምክንያት ማሰናበት ይችላል። አንቺ ጋ ግን ያ ጥቂቱም አይደርስም። የሰዓትና የክፍያ ሕጉ ከአሜሪካ ውጭ ለተሠራ ሥራ አይሠራም፤ «ኢንዲፔንደንት ኮንትራክተር» (ተቀጣሪ ሳይሆን በራሱ የሚሠራ ባለውል) ብለው ከጻፉሽ ደግሞ የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሚቆመው በቅጥር ላይ ነውና አትተማመኚበት። የሚቀርልሽ ውሉ ነው። እዚህ ሰው በሕግ ያገኘውን አንቺ በውል ጠይቂ፦ የእረፍት ደቂቃዎች፣ ለመግቢያ የሚወስደው አሥር ደቂቃ (በሳምንት አምስት ቀን 50 ደቂቃ ማለት ነው)፣ የእነሱ ሲስተም ሲወድቅ የሚታሰበው ክፍያ፣ ፎቶዎቹን ማን እንደሚያይና ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጡ፣ ከማሰናበታቸው በፊት የሚሰጡት ማስጠንቀቂያ። ሁሉንም አይሰጡሽም። ሁለቱን ግን አትልቀቂ፦ ክፍያ ቢበዛ በየሁለት ሳምንቱ፣ ማስጠንቀቂያ ቢያንስ 14 ቀን። ክፍያው በወር ከሆነ፣ ድንገት ሲያቋርጡሽ የምታጪው የወር ልፋት ነው።

የሥልጠና ወይም የዕቃ ዋስትና ብለው ገንዘብ ከጠየቁሽ እዚያው ተዪው፤ አጭበርባሪ ናቸው።

የየቀኑን መዝገብ በራስሽ ደብተር ያዢ፦ የገባሽበት፣ የወጣሽበት፣ የተቋረጠበት ሰዓት፣ የጨረስሻቸው ቲኬቶች ብዛት። በየሳምንቱ የሰዓት ዝርዝሩን አውርደሽ አስቀምጪ፤ ያሰናበቱሽ ቀን መግቢያው ይዘጋልና በኋላ አታገኚውም። የደንበኛ ስምና የካርድ ቁጥር ግን ፈጽሞ እንዳትገለብጪ፤ ያ ሌላ ጣጣ ነው። የሰጡሽ ሰዓት ሲቀንስ፣ አዲስ ቲኬት ሲሳሳ፣ ሥራሽን ለሌላ እንድታሳዪ ሲጠይቁሽ ሳይቃጠል በቅጠል ብለሽ ሌላ ቦታ ማመልከት ጀምሪ። ከመጀመሪያው ደሞዝ ጀምሮም ለሦስት ወር የሚበቃ ወጪ እስኪሞላ ለየብቻ አስቀምጪ። እስከዚያ ለቤት እኔው እልካለሁ፤ እማዬ ስለዚህ እንዳታስብ ንገሪያት።

ውሉ እንደደረሰሽ ገጹን ሁሉ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ በተለይ ስለ ክፍያ ቀን፣ ስለ መሰናበትና ስለ ክትትል የሚለውን። ቅዳሜ በእናንተ ምሽት 2 ሰዓት ላይ እደውልና መስመር በመስመር እናነበዋለን። እስከዚያ እንዳትፈርሚ። አባዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ