እማዬ፣ ዶክተሩን በስልክ እናናግረው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከረምሽ እማዬ? እኛ እዚህ አዲስ አበባ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ «እማማ መቼ ነው የምትመጣው?» እያሉ ይነዘንዙኛል። ያንቺ የስኳር ሕመም ግን ሐሳብ ሆኖብኛል። ባለፈው ደውዬ ሐኪም በቪዲዮ እናናግር ስልሽ «ተይኝ እስኪ፣ ሐኪም ካልዳሰሰኝ ምኑን ሐኪም ሆነ» ብለሽ ወሬውን ቆረጥሽው። ስለዚህ ረጋ ብዬ በጽሑፍ ልንገርሽ።

እስኪ ያለፈውን ቀጠሮሽን አስቢው። ጎህ ሳይቀድ ከዘጌ ተነስተሽ በጀልባ ባሕር ዳር ገባሽ። ካርድ ክፍል ሰልፍ፣ ግፊት የሚለካበት ሰልፍ፣ ላቦራቶሪ ሰልፍ። ስፔሻሊስቱ ጋ ስትደርሺ ደግሞ ከኋላሽ በር የሚያንኳኳ ሌላ በሽተኛ አለ። ውጤትሽን አየ፣ «በዚሁ ቀጥይ» አለሽ፣ ወጣሽ። ሐኪሙን አልወቅሰውም፤ ያ ሁሉ ሰው በር ላይ ቆሞ ምን ያድርግ? ከሰዓት ሐይቁን ነፋስ ሲያናውጠው ፈርተሽ እዚያው አደርሽ። ቤትሽ ስትገቢ ወገብሽ ተይዞ ተኛሽ።

ከድካሙ ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ ሳትጠየቂ የቀረሽው ነገር ነው። ጾሙ። ማንም ሰው «ትጾሚያለሽ ወይ? እስከ ስንት ሰዓት?» አላለሽም። አንቺ ግን ጠዋት የስኳር መድኃኒትሽን፣ ግሊቤንክላማይድን፣ ውጠሽ፣ ቅዳሴ ቆመሽ፣ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ አትቀምሺም። ይህ መድኃኒት ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያስገድደዋል። ምግብ ብትበዪም ባትበዪም ሥራውን ይሠራል። ሆድ ባዶ ከሆነ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ዝቅ አለ ይባላል። ያን ጊዜ ላብ ያሰምጣል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ራስ ይዞራል። በዓቢይ ጾም ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? «ሙቀቱ ነው» ብለሽ አለፍሽው። እኔ ግን ስኳርሽ ወርዶ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

በራስሽ መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ፣ አደራ። ሰዓቱ ይቀየር፣ መጠኑ ይቀነስ፣ ወይስ ሌላ ዓይነት ይሰጥሽ የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ስለ ጾሙ ደግሞ የንስሐ አባትሽን አማክሪያቸው። እስከዚያው እንደዚያ ያለ ነገር ከመጣብሽ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ቶሎ ጠጪ። ጾም ነው ብለሽ አታመንቺ። ትንሽ ሻል ሲልሽ ምግብ ቅመሺ።

አየሽ እማዬ፣ ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው የሚፈልገው። ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሐኪም እንጂ የሚዳስስ እጅ አይፈልግም። ለዚህ ነው በቪዲዮ እናናግረው የምልሽ። እዚህ አዲስ አበባ የሚሠራ የስኳር ስፔሻሊስት አግኝቻለሁ። የላቦራቶሪ ወረቀቶችሽ ፎቶ ደርሶታል። የሚለወጥ ነገር ካለ በጽሑፍ ይሰጠናል፤ ለባሕር ዳሩ ሐኪምሽም እናሳየዋለን። ክፍያውን እኔ በቴሌብር ጨርሻለሁና በሱ አታስቢ።

«ዛሬ የመጣ ነገር» እንዳትዪኝ ደግሞ። በ1999 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕንድ ካሉ ሐኪሞች ጋር በሳተላይት ተገናኝቶ ነበር። ኮሮና ሲመጣ ደግሞ ዓለም ሁሉ ለመደው።

ሐኪም መዳሰስ አለበት ያልሽው ግን እውነት ነው። እግርሽን ስልኩ ላይ ብታሳዪው ቁስልና ስንጥቅ ያያል፤ መደንዘዙን ግን ነክቶ ካልሆነ አያውቅም። ዓይንሽም ከውስጥ የሚታየው በመሣሪያ ነው። ስለዚህ ለእግርና ለዓይን ምርመራ ባሕር ዳር መሄድሽ አይቀርም። እኔ ራሴ መጥቼ ፈለገ ሕይወት አብሬሽ እሄዳለሁ። ደረትሽን ጨምድዶ ከያዘሽ፣ አፍሽ ከተጣመመ፣ አንድ ጎንሽ ከከዳሽ ወይም ምላስሽ ከተሳሰረ ግን ስልክ ላይ ጊዜ አይጠፋም። በተገኘው ጀልባም ሆነ መኪና ወዲያው ሆስፒታል ነው።

ለእህቴ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። ከአንድ ቀን በፊት ጤና ጣቢያ ወስዳ ግፊትሽን ታስለካሻለች። ከመለካትሽ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቡና አትጠጪ፣ የዘጌም ቢሆን። አምስት ደቂቃ ጀርባሽን ደገፍ ብለሽ ዝም በዪ፤ እየተለካሽም አታውሪ። ቁጥሩን ደብተር ላይ ትጽፈዋለች። በዕለቱ መድኃኒቶችሽን ከነማሸጊያቸው ጠረጴዛ ላይ ደርድሪያቸው፤ ስማቸውን ሐኪሙ ራሱ ያንብበው። ከጎረቤት የተዋስሽውንና ከገበያ የገዛሽውን ማስታገሻም ጨምሪ፤ የባህል መድኃኒት ካለም አትደብቂው። ፊትሽን ወደ በሩ አዙረሽ ተቀመጪ፤ ብርሃኑ ከኋላሽ ከሆነ ጥላ ብቻ ነው የሚታየው።

ሌላም ነገር አለ። ሰው ፊት መናገር የሚያሳፍርሽን ነገር አውቃለሁ። ሌሊት ለሽንት ስንቴ እንደምትነሺ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። እህቴ ስልኩን አስተካክላ ትወጣለች፣ በሩንም ትዘጋልሻለች። እኔም መስመሩ ላይ አልገባም። ኔትወርክ ከጠፋ አትደንግጪ፤ ሐኪሙ በተራ ስልክ ይደውልልሻል።

16 ኪዳነ ምሕረት ስለሆነ ቀጠሮውን 17 አድርጌዋለሁ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። ሰዓቱ የማይመችሽ ከሆነ ዛሬውኑ ንገሪኝና አስቀይረዋለሁ። ለእህቴና ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

የናፈቅሻት ልጅሽ