የ2010ሩን ፎቶ ቆጥራችሁ አትሙልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ከጅማ ነው የምጽፍላችሁ። ጋዜጣችሁን ሳገኝ ከስፖርት ገጹ የምጀምር ሰው ነኝ። ዛሬ የከተማችን የእግር ኳስ ክለብ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዋንጫ ሲበላ ስለተነሳ ፎቶ አንድ ነገር ልለምናችሁ ፈልጌ ነው።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቡና የምጠጣበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ማራዶና ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ኳሷ እግሩ ሥር ናት። ከፊቱ ስድስት የቤልጂየም ተጫዋቾች አፍጥጠውበታል። ፎቶውን ያነሳው ስቲቭ ፓውል ነው። በፈረንጆቹ 1982 የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ጨዋታ ላይ፣ ባርሴሎና። ስድስቱ ሰዎች እሱን ለመያዝ የተሰለፉ ይመስላሉ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ለቅጣት ምት ግድግዳ ሠርተው ቆይተው ገና መበተናቸው ነበር። ጨዋታውንም ቤልጂየም 1 ለ 0 አሸንፋለች። ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላም ፎቶውን መውደዴ አልቀነሰም። ማራዶና ምን ያህል ይፈራ እንደነበር አንድ ጊዜ አይቶ የሚረዳው ሰው ብዙ ነው።

እንዲህ ያሉ ፎቶዎች ውጭ አገር እንደ ሥዕል ይሸጣሉ። ፎቶ አንሺው ወይም ባለመብቱ «ከዚህ ፎቶ በዚህ መጠን 100 ብቻ ነው የማትመው» ብሎ ይወስናል። እያንዳንዱ ላይ፣ ከሥር ባለው ነጭ ቦታ፣ ተራ ቁጥሩ በእርሳስ ይጻፋል። 7/100 ካለ ከመቶው ሰባተኛው ነው ማለት ነው። ፎቶ አንሺው ይፈርምበታል። ማረጋገጫ ወረቀትም አብሮ ይሰጣል። መቶው አለቀ ማለት አለቀ ነው፤ በዚያ መጠን ሌላ አይታተምም። ሊሚትድ ኤዲሽን የሚሉት ይህንን ነው። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ከጥጥ የተሠራና አሲድ የሌለበት ነው። ቀለሙም ቶሎ አይለቅም። በደንብ ከተያዘ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

አሁን ወደ ጅማ ልመለስ። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገ በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫ በላ። አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበር። ኦኪኪ አፎላቢ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። ለተከታታይ አራት ዓመት ከቅዱስ ጊዮርጊስ እጅ ያልወጣ ዋንጫ ጅማ ገባ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ የግብፁ አል አህሊ ደረሰን። በድምር 2 ለ 1 ተሸንፈን ወጣን። የመልሱን ጨዋታ ግን 1 ለ 0 አሸንፈናል። አል አህሊን! ይህን ለሰፈር ልጆች ስነግራቸው «አይደረግም» ይሉኛል። አይፈረድባቸውም፤ ያኔ ሕፃናት ነበሩ። ክለቡም በ2014 ከሊጉ ወረደ። የማሳያቸው አንድ ጥሩ ፎቶ እንኳን በእጄ የለም።

ነበረኝ። በስልኬ ያነሳኋቸው ብዙ ነበሩ። ስልኩ ሲበላሽ አብረው ሄዱ። ከዚያ መርካቶ ከአንድ አዟሪ የቡድኑን ትልቅ ፖስተር ገዛሁ። «ከዚህ በኋላ አታገኘውም፣ የመጨረሻው ነው» አለኝ። አምኜው ገዛሁ። ለካ ከኢንተርኔት የወረደ ትንሽ ፎቶ ተለጥጦ የታተመ ነው። ቁጥር የለው፣ የፎቶ አንሺው ስም የለው። ፍሬም አስገብቼ ሳሎን ሰቀልኩት። ሁለተኛው ክረምት ሳይወጣ ቀዩና ቢጫው ለቀቀ። ተጫዋቾቹ ሁሉ ሰማያዊ ሆኑ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። እርጥበቱ ገብቶ ወረቀቱን ከመስታወቱ ጋር አጣበቀው። ላላቅቀው ስሞክር ከመሃል ተቀደደ። ዋንጫውን የያዙት እጆች መስታወቱ ላይ ቀሩ። የዚያን ቀን በጣም ከፋኝ።

ይህ የኔ ብቻ ችግር መስሎ አይታያችሁ። ጥር 13 ቀን 1954 ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ አነሳች። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ያንን ፎቶ ጥርት ብሎ ያየ ስንት ሰው አለ? እኔ ያየሁት ሁሉ የኮፒ ኮፒ ነው። ፊት አይለይም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ሱዳንን 2 ለ 0 ረትተን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ ጅማ በሙሉ ውጭ ነበር። የዚያን ቀን ፎቶ የሰቀለ ቤት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። የእናንተ ፎቶ አንሺዎች በ2010 ሜዳ ዳር ነበሩ። ሥራቸውን ገጻችሁ ላይ አይቻለሁ። ዋናው ፋይል ያላችሁ እናንተ ናችሁ። ከዚያ ውስጥ አንዱን ምረጡና በጥሩ ወረቀት 100 ብቻ አትሙ። ቁጥር ስጡት። ያነሳው ሰው ይፈርምበት። ከሽያጩም የሚገባውን ያግኝ። በዝናብና በፀሐይ መስመር ዳር ተንበርክኮ የዋለ ሰው ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራን ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠብቃል። የ2010 ፎቶ ገና ባለቤት አለው ማለት ነው። አዟሪው የሸጠልኝ ፖስተር ይህን ሁሉ የረሳ ነው።

«መቶ ብቻ ከሆነ ሀብታም ነው የሚገዛው» የሚል ይኖራል። እኔም አስቤበታለሁ። የሚቆጠረው ወረቀቱ ነው። ምስሉን ገጻችሁ ላይ በፈለጋችሁ ቀን ብታወጡት ማንም አይከለክላችሁም፤ ሁሉም ሰው ያየዋል። በተጨማሪ 1/100 የሚለው አይሸጥ። ለጅማ ሙዚየም ይሰጥ። የንጉሥ አባ ጅፋር ዕቃዎች ያሉት እዚያ ነው፤ ክለቡም የተሰየመው በእሳቸው ስም ነው። የትምህርት ቤት ልጆች ዙፋኑን ሊያዩ ሲመጡ ዋንጫውንም ይዩ።

አንዱን ደግሞ እኔ እገዛለሁ። ቁጥሩ የፈለገው ይሁን። ቡና የምጠጣበት ቤት ግድግዳ ላይ ከማራዶና ጎን ባዶ ቦታ አለ። ባለቤቷን ጠይቄያት ፈቅዳልኛለች። ከመስታወቱ እንዳይጣበቅም ዙሪያውን ወፍራም ካርቶን አድርጌ ነው ፍሬም የማስገባው፤ እሱን ተምሬያለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ፣ ከጅማ ሂርማታ