ሁለት ጊዜ የወደመው ኦፔራ ቤትና የካርቶን ሰዓታችን፦ የቴአትር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የቴአትር ክበባችን ዘንድሮ ረጅም ተውኔት አላቀረበም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ድራማው የት ደረሰ?» ብለው የጠየቁኝ ወላጆች ስለበዙ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት የዓርብ ከሰዓታችንን የበላው አንድ ሕንፃ ነው፤ በጀርመን ድሬስደን ከተማ፣ ከኤልብ ወንዝ አጠገብ የቆመው የሳክሶኒ መንግሥት ኦፔራ ቤት። የአገሩ ሰዎች በአርክቴክቱ ስም «ዜምፐር ኦፔራ» ይሉታል።

ነገሩን የቆሰቆሱት የአንዲት አባላችን አያት ናቸው። በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ድሬስደን ምህንድስና የተማሩ ሰው ናቸው። ጋብዘናቸው መጡና «በየቀኑ በአጠገቡ አልፍ ነበር፤ በእንጨትና በብረት የታጠረ ግድግዳ ነው የማውቀው» አሉን። ተሠርቶ ሲከፈት እሳቸው አገራቸው ገብተው ነበር። አንዱ ልጅ «ታዲያ አባባ፣ ምንም ሳይሰሙ መጡ?» ቢላቸው «ኧረ ሰምቻለሁ፤ የመዶሻውን» ብለው አሳቁን።

የመጀመሪያው ቤት የተከፈተው በ1841 ነው (የታሪኩን ዓመትና ቀን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የሳክሶኒ ንጉሥ ቴአትር ስለነበር ተውኔቱም ኦፔራውም በአንድ መድረክ ይታይ ነበር። የሙዚቃ ደራሲው ሪቻርድ ቫግነር ሦስት ኦፔራዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበው እዚያ ነው። ልጆቼን የያዛቸው ግን ሙዚቃው ሳይሆን የ1849 ግንቦት ነው። በዚያ ወር ድሬስደን በንጉሡ ላይ ዐመፀች። የንጉሡን ቴአትር የሠራው ጎትፍሪድ ዜምፐር ከዐመፀኞቹ ጋር ቆመ፤ መንገድ ለመዝጋት የተከመረውን ምሽግ አይቶ አሠራሩ ስላላማረው አስተካክሎ አሠራው። አርክቴክት የትም ቢሆን አርክቴክት ነው! ዐመፁ ሲከሽፍ ዜምፐርም፣ ከዐመፀኞቹ ጋር የነበረው ቫግነርም ከአገር ሸሹ።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1869፣ ጥገና ላይ የነበሩ ሠራተኞች ባለመጠንቀቃቸው ቤቱ ተቃጠለ። አዲሱን ማን ይንደፍ ሲባል የከተማው ሰው የጠራው ያንኑ ስደተኛ ነው። ዜምፐር ንድፉን ከሩቅ አወጣ፤ ቦታው ላይ ቆሞ ያሠራው ልጁ ማንፍሬድ ነበር። ሁለተኛው ቤት በ1878 ተከፈተ። ንጉሡን የተዋጋው ሰው ለንጉሡ ዘር ሁለተኛ ቴአትር መሥራቱን ስነግራቸው ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ «ታረቁ» ሲል ግማሹ «ተሸነፈ» አለ።

የሚቀጥለውን ዘመን በሁለት ዓርብ አለፍነው፤ ከሁለቱም አንዱን መብራት ጠፍቶ በጠመኔ ነው ያስተማርኩት። የሙዚቃ ደራሲው ሪቻርድ ሽትራውስ ከአሥራ አምስቱ ኦፔራዎቹ ዘጠኙን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበው በድሬስደን ነው። በ1933 የሙዚቃ መሪውን ፍሪትስ ቡሽን ናዚዎች ከመድረኩ በጩኸት አባረሩት። ቤቱ በነሐሴ 1944 በጦርነቱ ምክንያት ተዘጋ፤ የካቲት 13 ቀን 1945 በቦምብ ነደደ። የመሠረት ድንጋይ ዳግም የተጣለው በ1977 ሲሆን የተከፈተው ልክ በአርባኛው ዓመት፣ የካቲት 13 ቀን 1985 ነው፤ ያን ምሽት የተዘመረውም ከመዘጋቱ በፊት መጨረሻ የታየው የቬበር ኦፔራ «ፍራይሹትስ» ነበር። የሕንፃውን ሞዴል በካርቶን የሠሩት ሁለት ልጆች «ለምን ወንዝ ዳር?» እያሉ ሲነታረኩ፣ በ2002 ኤልብ ሞልቶ ውኃው ቤቱ ውስጥ እንደገባ ነገርኳቸውና ክርክሩን ዘጋሁት።

ያልተዘጋው ክርክር ሌላ ነው፦ ዛሬ የቆመው ቤት የዜምፐር ነው ወይስ አስመስሎ የተሠራ? አንዱ ወገን «ድንጋዩ የተቃጠለ ቤት ንድፉ ስላለ ብቻ ያው አይባልም» አለ። በዚህ መሐል አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ካነበበችው አንድ ነገር አወጣች። ቤቱ ውስጥ ጠንካራ እንጨት የሚመስለው የግድግዳ ልባስ እንጨት አይደለም፤ በእንጨት መልክ የተቀባ ልስን ነው፤ አሠራሩም የመጣው ከዜምፐር ነው። «ቤቱ ድሮም አስመስሎ የተሠራ ነበር፤ እንግዲህ ምን ቀረው?» አለችና ተቀመጠች። ዳኛ ስለነበርኩ ዝም ማለት ይገባኝ ነበር፤ አጨበጨብኩ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። በድሬስደን ከመድረኩ በላይ የሚዞር ጠቋሚ የሌለው ሰዓት አለ። በግራ ሰዓቱ በሮማውያን ቁጥር፣ በቀኝ ደቂቃው በተለመደው አኃዝ ይታያል፤ ደቂቃው የሚለወጠው በየአምስቱ ነው። ለመጀመሪያው ቤት የሠራው የቤተ መንግሥቱ ሰዓት ሠሪ ጉትኬስ ነበር። በጨለማው አዳራሽ ታዳሚዎች የሚደውል የኪስ ሰዓታቸውን እየተጫኑ ሲያስጮኹ ንጉሡ ስለተማረረ ነው ይባላል።

እኛም ሠራን። ሁለት የካርቶን ከበሮ ጠቅልለን በግራው ከ፩ እስከ ፲፪ በግእዝ ቁጥር፣ በቀኙ ከ00 እስከ 55 ጻፍንበት። ፮ንና ፯ን ያለ ስሕተት ለመለየት አንድ ዓርብ ሙሉ ፈጀ፤ ከተሳሳቱት አንዱ እኔ ነኝ። የሚዞረው በእጅ ነው፤ ከመጋረጃው ኋላ አንዲት አባል የእጅ ሰዓቷን እያየች በየአምስት ደቂቃው ታዞረዋለች።

በወላጆች ቀን የ1849ን ምሽግ በአጭር ትዕይንት አሳየን። ወንበርና ጠረጴዛ ተከመረ፤ «ዜምፐር» መጥቶ «ይህማ ይወድቃል» ሲል ምሽጉ እውነትም ወደቀ፤ በልምምድ አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። ሳቁን የሰማችው ሰዓት አዟሪ መጋረጃውን ገልጣ ማየት ጀመረች፤ እስከ መጨረሻውም አየች። ትዕይንቱ ሲያልቅ የእኔ ሰዓት አሥር ሊሆን ነው፤ ከመድረኩ በላይ ግን ፱፡35 እንደሆነ ነበር። ርእሰ መምህሩ ቀና ብለው አዩትና በድምፅ ማጉያው «ዛሬ በተመደበለት ጊዜ የጨረሰ ብቸኛው ክበብ» ብለው አመሰገኑን።

ሰዓቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል። እስካሁን ፱፡35 ነው።